ቤት የሚሞቀው በሰው ነው

ኦክቶበር ሲጋመስ ስካርቦሮ ውስጥ፣ ማርክሃም ሮድ ከኤግሊንተን ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ወደ አንዱ የገባ ሰው ወቅቱን ከየበሩ ላይ ያነባል። አንዱ በር ላይ የደረቀ ቅጠል ጉንጉን፣ ሌላው ደጃፍ ላይ የፕላስቲክ ዱባ። የሐበሻውም በር አልቀረም፤ ከጉንጉኑ ሥር ስለ ቤትና ስለ እግዚአብሔር የሚናገረው የኢያሱ ጥቅስ በወርቅማ ቀለም ተጽፎ ተሰቅሏል። ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ቀረፋ ቀረፋ የሚል ሻማ ይበራል። የሶፋው ትራስ ብርቱካንማ ልብስ ለብሷል። ጥግ ላይ፣ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ፣ ረከቦት ተቀምጧል፤ ከረከቦቱ በላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ የተመረጠውም ከትራሱ ቀለም ጋር እንዲስማማ ሆኖ ነው። ሲኒዎቹ አቧራ እንዳይነካቸው በየሳምንቱ ይወለወላሉ። ቡና ከተቀዳባቸው ግን ወራት አልፏል።

ይህ የአንድ ሰው ቤት አይደለም፤ የብዙ ሰው ቤት ነው። «ቤትን በእምነት፣ በየወቅቱ ማስዋብ» የሚለው ፈሊጥ ከሰሜን አሜሪካ ክርስቲያን የቤት እመቤቶች ተነሥቶ፣ በስልክ በኩል አድርጎ፣ የሐበሻው ሳሎን ከገባ ቆይቷል። ምክሩም ሁሌ አንድ ነው፤ ውጭው ሲቀዘቅዝ ቤትሽን ሞቅ አድርጊው፣ በየወቅቱ ቀለሙን ለውጪ፣ ጥቅስ ስቀዪ፣ ሰላም ይሰፍናል። ይህን የሚቃወሙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ክስ «የፈረንጅ ነው» የሚል ነው። ክሱ ደካማ ነው። አዲስ አበባ ራሷ በየሳሎኗ ጥድ ማቆም ከጀመረች ስንት ዘመኗ! ነገሩ ከዚህ ይጠልቃል። በኢትዮጵያ የክርስትና ዓመት ውስጥ የቤት ጌጥ በሰው እጅ፣ በበር በኩል የሚገባ ነገር ነበር። አሁን በር ተዘግቶ የሚደረደር ዕቃ ሆኗል። ጌጡ አልቀረም፤ የቀረው ጌጡን ይዞ የሚመጣው ሰው ነው።

ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። እንግሊዝኛው «ኮዚ» የሚለውን ወደ አማርኛ ለማምጣት የፈለገ ሰው «ሞቅ ያለ ቤት» ይላል፤ ትርጉሙ ግን እጁ ላይ ይገለበጥበታል። በእንግሊዝኛው አንድ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ መጽሐፍ ይዞ፣ ብቻውን ቢቀመጥ ቤቱ ኮዚ ነው። በአማርኛ ያ ቤት ጭር ያለ ነው። «ቤቱ ሞቀ» የሚባለው ሰው ሲገባ፣ ጨዋታው ሲደራ፣ ልጆች ሲራወጡ ነው። ድግስ ይሞቃል፤ ሰርግ ይሞቃል፤ ገበያ እንኳ ይሞቃል። ባለቤቱ ብቻውን ሻማ ስላበራ ሞቀ የተባለ ቤት የለም። ስለዚህ «ቤትሽን ሞቅ አድርጊው» የሚለው ምክር በአማርኛ ሲነገር፣ ተናጋሪው ሳያውቀው፣ «ሰው ጥሪ» ማለት ነው።

የዚያኛው ሙቀት ታሪክ አጭር ነው። ዛሬ የጥንት የሚመስለው የቤት ውስጥ ገና ቅርጹን የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ ነው። ቻርልስ ዲክንስ ስለ ስክሩጅ የጻፈውን የገና ታሪክ በ1843 አሳተመ። በ1848 አንድ የለንደን ሥዕላዊ ጋዜጣ ንግሥት ቪክቶሪያና ልዑል አልበርት ከልጆቻቸው ጋር ጥዱን ከበው የሚያሳይ ሥዕል አወጣ፤ ጥዱ በየመካከለኛ ገቢ ቤቱ የተዛመተው ከዚያ ወዲህ ነው። ጊዜው የፋብሪካ ጊዜ ነው። ውጭው ጥቀርሻና ውድድር ስለሆነ ሰውየው ማታ የሚሸሸግበት ዛጎል ፈለገ። ዋልተር ቤንያሚን በ1935 ስለ ፓሪስ ባዘጋጀው ጥናት የዚያን ዘመን ሳሎን የግለሰቡ መያዣ፣ ልክ እንደ ዕቃ ማህደር በልኩ የተሠራ አድርጎ ያየዋል። ይሁንና የዲክንስ ታሪክ ራሱ ለዛጎሉ አይመሰክርም። ስክሩጅ ገናን ያገኘው ቤቱን አስውቦ አይደለም፤ ከቤቱ ወጥቶ፣ ለድኻ ሠራተኛው ቤት የበዓል ምግብ ልኮ፣ የእኅቱን ልጅ ደጅ አንኳኩቶ ነው።

ወደ ኢትዮጵያው ዓመት ስንመለስ የበሩ ነገር ጎልቶ ይታያል። በእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ወደ ቤት የሚገባው በሴት ልጆች እጅ፣ በአበባየሆይ ዜማ ታጅቦ ነው። ወንዶቹ ልጆች በቀለም የሣሉትን አበባና መልአክ ይዘው ከደጅ ደጅ ይዞራሉ፤ ሥዕሉ በተቀባዩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሰጪው ሳንቲሙን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ቤት ይሮጣል። በሆሣዕና ዘንባባው ከቤተ ክርስቲያን ይመጣል፤ በግንባር ታስሮ፣ በጣት ቀለበት ሆኖ። በቅዳም ሥዑር ካህናቱና ዲያቆናቱ ለምለም ቄጠማ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ ቤተሰቡ ይቀበላል፣ ግንባሩ ላይ ያስራል፣ ለሰጪው የአቅሙን ይሰጣል። ቄጠማው የኖኅን ርግብ የሚያስታውስ ነው፤ መርከብ ውስጥ ተዘግተው ለከረሙ ሰዎች ውጭው ደኅና መሆኑን ያበሰረ ቅጠል። በደመራ ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ችቦው ከየቤቱ ወጥቶ በአንድ ስፍራ ይነዳል። የሚገባውም የሚወጣውም በሰው እጅ ነው። በእነዚህ ሁሉ ጌጡ ማለት የመጣው ሰው ምልክት ነው፤ ቄጠማው ሲደርቅ ተጠርጎ ይወጣል እንጂ በካርቶን ታሽጎ ለከርሞ አይቀመጥም።

ለስካርቦሮው ሳሎን ከሁሉ የሚቀርበው ግን ዘመነ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ በፈረንጁ ከኦክቶበር 6 እስከ ኖቬምበር 14 ገደማ፣ አርባ ቀን። የካናዳ የምስጋና ቀን ሁልጊዜ እዚህ ውስጥ ይውላል፤ የሃሎዊን ዱባም እንዲሁ። አገር ቤት ምድሩ አበባ የሚለብስበት፣ ቤተ ክርስቲያን እናትንና ልጅን በአበባና በፍሬ እየመሰለች ማኅሌተ ጽጌ የምትቆምበት ወቅት ነው። ስካርቦሮ ደግሞ ቅጠሉ የሚረግፍበት ነው። ስለ ወቅትና ስለ እምነት መናገር የፈለገ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? የአበባ ወቅት ያላት ቤተ ክርስቲያን ልጆች የወቅት ጌጥ ፍለጋ ዶላራማ ይሰለፋሉ።

ነገር ግን ዘመነ ጽጌ ለሳሎን የሚመች ወቅት አይደለም፤ ምናልባትም ወደ ሳሎኑ ያልገባው ለዚህ ነው። ወቅቱ የሚያስበው የእመቤታችንን ስደት ነው። አበባው የተዘመረላት ሴት በዚያ ሰዓት ቤት የላትም፤ ከሄሮድስ ሸሽታ፣ ሕፃን አዝላ፣ በግብፅ በረሃ ትንከራተታለች። በዚሁ ወቅት ከማኅሌቱ ጋር ሰቆቃወ ድንግል ይደርሳል፤ የረሀቧ፣ የጥማቷና የእንግድነቷ ልቅሶ ነው። ብዙ ምእመናን አርባውን ቀን በፈቃዳቸው ይጾሙታል። ማግስቱ፣ ኅዳር 6፣ ቁስቋም ነው፤ ስደተኞቹ ያረፉበት የግብፅ ስፍራ መታሰቢያ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር ላይ ቤተ መንግሥቷን ስታንጽ ከጎኑ የተከለችው ቤተ ክርስቲያን የቁስቋም ነው። ያን ያህል ሀብትና ሥልጣን የነበራት ሴት ከመኝታዋ አጠገብ ያኖረችው ስም የስደተኛ ማረፊያ ስም ነው። አሁን በፕላስቲክ ሣሩ ላይ ወደ ተሰቀለው ሥዕል እንመለስ። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት በዚያ ወር፣ እንደ ቤተ ክርስቲያኗ አቆጣጠር፣ በር እያንኳኳች ነው። የተሰቀለችው ደግሞ ከተዘጋ በር ጀርባ ነው።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ኪንግስተን ሮድን ይዞ በስካርቦሮ ዳር የሚነዳ ሰው የሚያያቸው ሞቴሎች ከተማው ለብዙ ዓመታት ቤት የሌላቸውን ቤተሰቦችና ጥገኝነት ጠያቂዎችን ያሳደረባቸው ናቸው። ዛሬ ሳሎኑን በዱባና በሻማ ከሚያሳምረው የሐበሻ ቤተሰብ ውስጥ ካናዳን በእንዲህ ያለ ክፍል የጀመረ ጥቂት አይደለም፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ማይክሮዌቭ፣ ግድግዳው ላይ አገር ቤት ሲወጣ በሻንጣ የያዘው ትንሽ ሥዕል። በ2023 ጁላይ መሀል ከተማ ፒተር ስትሪት ላይ፣ የመጠለያ መመዝገቢያው ደጃፍ፣ አብዛኞቹ ከአፍሪካ የመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎች አስፋልት ላይ አደሩ። ከተማውና የፌዴራሉ መንግሥት ወጪው የማን ነው እያሉ ሲነታረኩ፣ በራቸውን ከከፈቱት መካከል በሰሜን የከተማው ክፍል ያሉ፣ ጥቁሮች የሚያመልኩባቸው አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። የጸሎት አዳራሻቸውን መኝታ አደረጉት። ያ አዳራሽ ለማንም ዓይን የሚያምር አልነበረም፤ በአማርኛ ግን ሞቋል።

እዚህ ላይ ከባዱ መልስ ይመጣል፤ ማለፍም አይገባም። ይህን ሁሉ በር የሚከፍተው ማን ነው? የሐበሻ ቤት ሲሞቅ እሳቱ ሥር የምትቀመጠው ሴት ናት። እንግዳው ሲገባ ሽንኩርት የምትከትፈው፣ ቡናውን እስከ በረካ የምታደርሰው፣ እንግዳው ሲወጣ ዕቃ የምታጥበው እሷ ናት። ይህችው ሴት ስካርቦሮ ላይ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ፣ በሁለት አውቶቡስ ቤቷ የምትገባ ሴት ናት። ያቺ የሻማ ጥግ ማንም «እሜቴ፣ ውኃ» የማይላት ብቸኛ ቦታዋ ልትሆን ትችላለች። በኪራይ ቤት ከሰል ቢያያዝ፣ ዕጣን ቢጨስ፣ የጭስ ማንቂያው ሕንፃውን ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ ቄጠማ በዚህ አገር እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ ፕላስቲኩ የተነጠፈው ከዚህም የተነሣ ነው። እዚህ አገር የተወለደው ልጅ ደግሞ ስለ እምነቱ በዓይኑ የሚያየው ነገር ያ ጥግ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ረስቶ «ባህሉ ጠፋ» እያለ የሚያላዝን ሰው፣ ብዙውን ጊዜ፣ ቡና ተፈልቶ የሚቀርብለት ሰው ነው።

መልሱ እውነት አለው። ያልመለሰው ጥያቄ ግን አለ፤ ለድካሟ መድኃኒቱ የተዘጋ በር ነው ወይስ የተካፈለ ሸክም? ያ የበዓል ሥርዓት ባለቤቷ ብቻዋን ደግሳ ሌላው የሚበላበት እንዲሆን የተሠራ አልነበረም። አበባውን ልጆች ይዘው ይመጣሉ፤ ቄጠማውን ዲያቆኑ፤ ማኅበሩ በየወሩ ቤት እየቀየረ ሸክሙን ያዞራል። ሴቲቱ ላይ የተቆለለው ሥርዓቱ ስለተጠበቀ ሳይሆን ወንዱ ድርሻውን ጥሎ ሥርዓቱን በወሬ ብቻ ስለጠበቀ ነው። እንግዲህ በዘመነ ጽጌ ጽዋው ሲዞር ዳቦውን የሚጋግር ወንድ ይኑር፤ ሲኒውን የሚያጥብ እንግዳ ይኑር። ልጆቹ በመስከረም የሣሉትን አበባ የገዛ ቤታቸው ፍሪጅ ላይ ከሚለጥፉት ይልቅ አሳንሰሩን ይዘው፣ ስድስተኛው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩትን እማማን በር ያንኳኩ። ኪንግስተን ሮድ ሞቴል ውስጥ ልጅ ይዛ የምትኖር፣ በአዲስ ስልኳ ላይ የማንም ቁጥር የሌላት ሴት አለች። አንድ የቅዳሜ ከሰዓት ሄዶ ማምጣት ከአንድ የወቅት ጌጥ ግዢ አይበልጥም።

ሻማው ይብራ፤ ትራሱም ብርቱካንማ ይልበስ። ጥዱን የሚያቆም ያቁመው፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት መሆኑንና ጎረቤቱ ጥዱን በረዶ ላይ በሚጥልበት ሳምንት የእሱ ገና ገና መግባቱ መሆኑን እያወቀ ያቁመው። ጌጥ ኃጢአት አይደለም። በጌጥ ብቻ እምነትን አድርሻለሁ ማለት ግን ራስን ማታለል ነው፤ ምክንያቱም ይህ እምነት በየወቅቱ የሚጠይቀው ከበሩ ማዶ ስላለው ሰው ነው።

አገር ቤት መንገደኛ ሲመሽበት ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ይጣራ ነበር። ከውስጥ የሚሰማው መልስም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ነው። በወርቅማ ቀለም ተጽፎ በር ላይ የተሰቀለው ጥቅስ የሚናገረውም ይህንኑ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ አገር ቤት ቃሉ የሚነገረው በሩ ሲከፈት ነበር።