ሳይቃጠል በቅጠል፤ የቆላው መጋዘን ጥላ ይፈልጋል

በጋምቤላ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት እኩለ ቀን ላይ ባዶ ቆርቆሮ በለበሰ ቤት ውስጥ መቀመጥ የሚፈልግ ሰው የለም። ባለሙያውም ባለጉዳዩም ወንበሩን ይዞ ወደ ማንጎው ጥላ ይወጣል። ይሁን እንጂ ተነሥተው መውጣት የማይችሉ አሉ። ለመጪው ክረምት የተቀመጠው የበቆሎና የማሽላ ዘር፣ የእንስሳት መድኃኒቱና ክትባቱ እዚያው ይውላሉ፤ እዚያው ያድራሉ።

ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ ይረሳል። በዘር ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ አንድ መመሪያ አለ። የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በቀነሰ ቁጥር ዘሩ ሳይሞት የሚቆይበት ጊዜ በእጥፍ ገደማ ይረዝማል፤ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስም እንዲሁ። ሙቀትና እርጥበት ሲጨምሩ ደግሞ ዕድሜው በዚያው ልክ ያጥራል። አርሶ አደሩ መሬቱን አርሶ፣ ዝናብ ጠብቆ የዘራው ዘር ሳይበቅል ሲቀር አንዱ ዝናቡን፣ ሌላው ዘር አቅራቢውን ይወቅሳል። መጋዘኑን የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም።

ችግሩ የሚጀምረው ከንድፉ ነው። ለደጋ ብርድ የሚስማማ፣ ሙቀት እንዲይዝ ተብሎ የታሰበ ቤት ሳይሻሻል ወደ ቆላ ሲወርድ ምድጃ ይሆናል። መስኮቱ ጠባብ፣ የጣሪያው ክፈፍ አጭር፣ ኮርኒሱም የሌለ ከሆነ ቆርቆሮው ቀን የተቀበለውን ግለት በቀጥታ ወደ ታች ይለቀዋል። ሌሊት ደግሞ ቆርቆሮው ፈጥኖ ስለሚበርድ በቤቱ ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ከሥሩ ጤዛ ሆኖ በጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። ሻጋታም ከዚያ ይጀምራል።

የአካባቢው ነዋሪ ይህን ያውቀዋል። ክዳኑ ወፍራም ሣር፣ ቁልቁለቱ የቆመ፣ ክፈፉ ግድግዳውን ጠልሎ ወደ መሬት የወረደው የአኙዋና የኑዌር ቤት ፀሐይንም ዝናብንም የሚመልሰው ያለ ኤሌክትሪክ ነው። ይህ ሲባል ሁሉም ወደ ሣር ክዳን ይመለስ ማለት አይደለም። ሣር እሳት ያሰጋዋል፤ ምስጥ ይበላዋል፤ በየጊዜው መታደስም አለበት። መወሰድ ያለበት ግን ጥበቡ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው የቤቱ አቀማመጥ ሲሆን፣ ይህ ምንም ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም። ረጅሙ ግድግዳ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ፣ አጭሩ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ እንዲሆን መሠረቱን ማውጣት ይበቃል። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመታ ክፈፍ አይመክታትም። ጋምቤላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ደግሞ ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ስለዚህ ሰፊ ክፈፍ በሁለቱም በኩል ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአየር መተላለፊያ ነው። በደረቅ ቆላ ውሃ በመርጨት ቤት ማቀዝቀዝ ይቻላል። በጋምቤላ ክረምት ግን አየሩ ራሱ እርጥበት የጠገበ ስለሆነ ይህ አይሠራም። ሰውን የሚያቀዘቅዘው ላቡን የሚያደርቅለት ነፋስ ነው። ስለዚህ በቢሮና በማሰልጠኛ ማዕከል መስኮቶች ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው የጋለ አየር የሚወጣበት፣ ወንፊት ሽቦ የተገጠመለት ቀዳዳ ያስፈልጋል። ጣሪያውን ነጭ ቀለም መቀባት፣ በምዕራብ በኩል በመጠኑ ራቅ አድርጎ ኒም ወይም ማንጎ መትከልም ይረዳል።

የእህልና የዘር መጋዘን ግን ከቢሮ ይለያል። ቀኑን ሙሉ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ቢተው እርጥበት ያስገባል። ደረቅ በሆነ ሰዓት ተከፍቶ፣ በዝናብና በሌሊት መዘጋት አለበት። በቆሎ ከመከማቸቱ በፊት እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መውረድ ይኖርበታል። ጆንያም ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳም ራቅ ብሎ ይደርደር። ያልደረቀ እህል ያለበትን መጋዘን የትኛውም ጣሪያ አያድነውም።

«በጀት የለም» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። እውነት ነው፤ ኮርኒስና ሰፊ ክፈፍ ወጪ አላቸው። ነገር ግን ወጪው አንድ ጊዜ ነው። በጋለ ክፍል ውስጥ የቆመ የክትባት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ያለውን ቅዝቃዜ ለመጠበቅ ያለ ዕረፍት ይሠራል። መብራት ሲጠፋም ቶሎ ይሞቃል። የጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ የማራገቢያው ኤሌክትሪክ፣ የተበላሸው ክትባትና ያልበቀለው ዘር በየዓመቱ የሚከፈሉ ናቸው። በመዝገብ ላይ በአንድ ዓምድ ስላልተደመሩ ብቻ ርካሽ መስለው ይታያሉ።

የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራልና የወረዳ አመራሮች ከዚያ በፊት ባለው የዕቅድ ጊዜ የግንባታ ንድፍ ሲቀርብላቸው ሦስት ነገር ቢጠይቁ ይበጃል። ቤቱ ወዴት ይዞራል? ክፈፉ ምን ያህል ይወጣል? የጋለው አየር በየት ይወጣል? አርሶ አደሮችም መጋዘን ሲሠራላቸው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት እነዚህኑ ጥያቄዎች ያንሡ። ግድግዳው ከቆመ በኋላ ቤቱን ማዞር አይቻልም። ቀድሞ ለተሠራው ደግሞ ኮርኒስ፣ ነጭ ቀለምና አንድ የጥላ ዛፍ አሁንም ይደርሱለታል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።