የሚዋጠውን ሁሉ ለሐኪም እንናገር!

የትሮስተሩድ ጎረቤቶቼ! የሃውገሩድ፣ የሊንደበርግ፣ የፉሩሴት ወገኖቼ! ለኤዲኤችዲ የታዘዘ ሪታሊን፣ ኮንሰርታ ወይም ኤልቫንሴ የምትወስዱ፣ ለልጆቻችሁም የምትሰጡ፣ ስሙኝ።

መድኃኒቱ በሥርዓቱ ሲወሰድ ይረዳል፤ የሚያሳፍርም አይደለም። አደጋው ሐኪሙ የማያውቀው ሌላ ነገር ሲደረብበት ነው።

እነዚህ አነቃቂ መድኃኒቶች የልብ ምትን ያፈጥናሉ፤ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። ጫትም ያንኑ ያደርጋል፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱን አንድ ልብ ላይ አትጫኑ! ጫት ኖርዌይ ውስጥ ሕገ ወጥ ስለሆነ ስለ መቃም ለሐኪም መናገር ያስፈራል። ሐኪሙ ግን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ንገሩት!

ቡና ስትጠጡ ልባችሁ በፍጥነት የሚመታ ከሆነ አቦል ላይ አቁሙ። ከመጠጥ ራቁ። ከሌላ አገር በሻንጣ የመጣ የጉንፋን ክኒን ፋርማሲ ሳትጠይቁ አትዋጡ፤ ፕሱዶኤፌድሪን ካለበት ግፊቱን ያባብሰዋል።

የድብርት መድኃኒት፣ ትራማዶል፣ የግፊት መድኃኒት ወይም ዋርፋሪን ትወስዳላችሁ? ተናገሩ! መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ፣ ለድብርት የሚሰጠው ሞክሎቤሚድም ከአነቃቂው ጋር ሲገናኙ ግፊትን በድንገት ወደ አደገኛ ደረጃ ሊያደርሱት ይችላሉ። ከሞክሎቤሚድ ወገን የሆኑ የቆዩ የድብርት መድኃኒቶችማ ከቆሙ በኋላም አነቃቂውን ለመጀመር 14 ቀን መጠበቅ ግድ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ዛሬ ማታ ወረቀት አውጡ። ክኒኑን፣ ሽሮፑን፣ ቪታሚኑን፣ የባህል መድኃኒቱን፣ ጫቱን፣ መጠጡን ሁሉ ጻፉ። ወረቀቱን ለፋስትሌጌያችሁም (ለቋሚ ሐኪማችሁ) ለፋርማሲውም አሳዩ። “ይህ ከዚህ ጋር ይስማማል?” ብላችሁ ጠይቁ።

ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ!

ያለ ሐኪም ምክር መጠን አትጨምሩ። ክኒን አትዋዋሱ፤ ለአንዱ የታዘዘ ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል።

ኖርዌይኛ የምታነቡ ወጣቶች፣ ለእማማና ለአባባ የመድኃኒቱን ወረቀት አንብቡላቸው። የማኅበር መሪዎች፣ ካህናት፣ ሼኮች፣ ከጸሎት በኋላ አምስት ደቂቃ ስጡን። እናቶች፣ በቡናው ዙሪያ አንሡት። አንዱ ቤት ለሌላው ይንገር!

ደረት ከወጋ፣ ሰው ራሱን ከሳተ፣ ከባድ ራስ ምታት በድንገት ከመጣ፣ ትኩሳት ከመንቀጥቀጥና ከመቃዠት ጋር ከታየ አትጠብቁ፤ 113 ደውሉ! አጣዳፊ ሆኖ ለሕይወት የማያሰጋ ከሆነ 116117 አለ። ስለ መመረዝ ለመጠየቅ 22 59 13 00 ሌት ተቀን ይሠራል። ቁጥሮቹን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ጻፉ! ጠይቁ! ለጎረቤት አድርሱ! አንድም ወገናችን በዝምታ ምክንያት አይጎዳብን!