ጨዋታው ያስነሣል፤ ቤተ ሰቡ ያዘልቃል

ሰው የሚጠቅመውን ነገር በማወቁ ብቻ ያን ነገር ይሠራዋል ማለት አይደለም። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለልብ ሕመም፣ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ መንገድ ጠራጊ መሆኑን ዛሬ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው፤ ምግብን መመጠንና ሰውነትን ማንቀሳቀስ እንደሚበጅም ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ዕውቀቱ በራስ ውስጥ ተቀምጦ ሲቀር እግር ከመቀመጫው አይነሣም። የጎደለው ምክር ሳይሆን የልብ መነሣሣት ነውና፣ በዚህ ወር ዓምዳችን መነሣሣትን ከጨዋታ ለማግኘት ስለ ተደረገው ጥረት፣ ይኸውም ሰውነትን ስለሚያንቀሳቅሱ የቪዲዮ ጨዋታዎች ጥቂት ለመናገር አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ ይበሉልን።

የቪዲዮ ጨዋታ ሲባል ለወላጆች የሚታያቸው ልጅን ከወንበር ላይ አጣብቆ የሚያውል ነገር ነው፤ ይህም ስጋት ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ በ2007 መጨረሻ ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ዊ ፊት» የሚባለውን ጨዋታ በሀገሩ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከጨዋታው ጋር በወለል ላይ የሚቀመጥ ገበታ አለ። ተጫዋቹ በላዩ ቆሞ ክብደቱን ይለካበታል፤ ወዲያና ወዲህ ሲያዘነብልም በቴሌቪዥኑ መስኮት የሚታየው ምስል አብሮት ያዘነብላል። የሐሳቡ አመንጪ ሺገሩ ሚያሞቶ፣ በቤት ውስጥ መመዘን ለቤተ ሰብ መነጋገሪያና መደሰቻ ሊሆን ይችላል ከሚል አሳብ እንደ ተነሣ ተናግሯል። ጨዋታው የየቀኑን ክብደት እየመዘገበ ከፍና ዝቅ ማለቱን በመስመር ሥሎ ያሳያል፤ ከ22 ሚሊዮን በላይም ተሸጧል።

ያ መሣሪያ ዛሬ መሠራቱ ቢቀርም አሳቡ አልቀረም። ይኸው ኩባንያ በጥቅምት 2019 «ሪንግ ፊት አድቬንቸር» የሚባል ሌላ ጨዋታ አወጣ። ተጫዋቹ ቀለበት የመሰለ ነገር በሁለት እጁ ይይዛል፤ ሌላ መለኪያም በጭኑ ላይ ያስራል። በቆመበት ሲሮጥ በጨዋታው ውስጥ ያለው ጀግና ይሮጣል፤ ቁጢጥ ብሎ ሲነሣ ወይም ቀለበቱን ሲጫን የጀግናው ጠላት ይመታል። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የስፖርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ ይህ ጨዋታ በብዙ ሀገሮች ተፈልጎ እስኪታጣ ድረስ ተሸምቷል።

ለመሆኑ ጨዋታ የሰነፈውን ሰው እንዴት ያስነሣዋል? ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ክብደት የሚቀንሰው ቀስ በቀስ ነው፤ ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ ደክሞ በመስተዋት ፊት ቢቆም ያው የትናንቱ ሰው ሆኖ ይታያልና ተስፋ ይቆርጣል። ጨዋታው ግን ደመወዙን የሚከፍለው ዛሬውኑ ነው፤ ነጥብ ይሰጣል፣ ያበረታታል፣ ወደሚቀጥለው ደረጃ ያሻግራል። ይህ ጥበብ ለእኛ ለመምህራን እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የሚቆጥር ሕፃን የሚበረታው የሊቅነትን ማዕርግ አስቦ አይደለም፤ ከ«ሀሁ» ወደ «አቡጊዳ» መሻገሩ፣ በኋላም ዳዊት በደገመ ጊዜ ወላጆቹ የሚያደርጉለት ድግስ ያበረታዋል። በዘመናዊው ትምህርት ቤትም ማርክ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። የሩቁን ጥቅም ለማየት ዓይኑ ላልደረሰ ሰው የቅርቡን ደስታ ማሳየት ተገቢ ነው።

ነገር ግን ከመሣሪያው አቅሙን አልፎ መጠበቅ አይገባም። በእንግሊዝ ሀገር የሊቨርፑል ተመራማሪዎች ከ13 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን ልጆች መዝነው በ2007 እንዳስታወቁት፣ እየተንቀሳቀሱ የሚጫወቱ ልጆች ተቀምጠው ከሚጫወቱት ይልቅ ብዙ ኀይል ያወጣሉ፤ ሆኖም በሜዳ ላይ እውነተኛውን ስፖርት ከሚሠራ ልጅ ጋር አይተካከሉም። ሒሳቡንም እናስላው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በመጠነኛ ኀይል ግማሽ ሰዓት ቢጫወት 140 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያወጣል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ወደ 35 ግራም ስኳር ስላለበት፣ ይህንኑ ያህል መልሶ ያገባል። እንግዲህ ተጫውቶ በላብ የወጣውን በአንድ ጣሳ መመለስ ይቻላልና፣ ጨዋታው የማዕዱን ምጣኔ አይተካም።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ መነሣሣቱ ይዘልቃል ወይስ አይዘልቅም የሚለው ነው። በዚህ ነገር በአሜሪካ የተደረጉ ሁለት ምርመራዎች ብዙ ያስተምራሉ። የመጀመሪያው በቴክሳስ በሂዩስተን ከተማ ተደርጎ በ2012 የታተመው ነው። ከ9 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው 78 ልጆች የጨዋታ መሣሪያ ተሰጣቸው፤ ለከፊሎቹ የሚያንቀሳቅሱ ጨዋታዎች፣ ለከፊሎቹ ተቀምጠው የሚጫወቱባቸው ደረሱ። ተጫወቱ ብሎ ያዘዛቸው፣ ሰዓትም የወሰነላቸው አልነበረም። ሦስት ወር ያህል እንቅስቃሴያቸው በመሣሪያ ቢለካ፣ የሚያንቀሳቅሰው ጨዋታ የደረሳቸው ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ ሳይንቀሳቀሱ ተገኙ።

ሁለተኛው በሉዊዚያና በባተን ሩዥ ከተማ ተደርጎ በ2018 ታተመ። ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው 46 ልጆች በሁለት ወገን ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በማይክሮሶፍት ኩባንያ «ኪኔክት» መሣሪያ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ለ24 ሳምንታት እንዲጫወት መርሐ ግብር ወጣለት፤ ልጆቹም ከቤተ ሰባቸው ወይም ከጓደኛቸው ጋር እንዲጫወቱ ተደረገ፤ አሠልጣኝም በምስል እየተገናኘ ይከታተላቸው ነበር። በመጨረሻ ክብደታቸው፣ ከዕድሜያቸውና ከቁመታቸው ጋር ሲመዘን፣ በመለኪያው 3 ከመቶ ያህል ዝቅ አለ፤ ያልተጫወቱት ግን ጥቂት ጨመሩ። ቁጥሩ ትልቅ አይደለም፤ ልጆቹም ጥቂት ነበሩ። ነገር ግን የልጅ ውፍረት አቅጣጫውን መለወጡ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

እነዚህ ሁለት ምርመራዎች በሁሉ ነገር አንድ ዓይነት አለመሆናቸው እውነት ነው። ቢሆንም በመካከላቸው ያለውን ዋና ልዩነት መሳት አይቻልም። በሂዩስተን ዕቃው ወደ ቤት ገባ፤ በባተን ሩዥ ግን ከዕቃው ጋር ሰዓት፣ ባልንጀራና ጠያቂ ገቡ። አባቶች «አንድ እንጨት አይነድም» ይላሉ። ጨዋታው ክብሪት ነው፤ እሳቱን የሚያቆየው የተሰበሰበው እንጨት ነው። ስለዚህ መሣሪያውን ገዝቶ ለልጁ የሰጠ አባት ሥራዬን ጨረስሁ ቢል ተሳስቷል፤ ሥራው ገና መጀመሩ ነውና።

ቤተ ሰብ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ሌላ ነገር አለ። በ2008 በብሪታንያ «ዊ ፊት» አንዲትን የ10 ዓመት ልጅ መዝኖ ከመጠን በላይ ወፍራም ነሽ ቢላት፣ ወላጆችዋ ልጃችን ጤነኛ ናት ብለው ተቈጡ፤ ኩባንያውም በቃሉ ለተከፉት ይቅርታ ጠየቀ። የሕፃናት ክብደት ከዕድሜና ከዕድገት ጋር ተገናዝቦ የሚመረመር ስለ ሆነ፣ ፍርዱን ለሐኪም እንጂ ለመጫወቻ መተው አይገባም። መሣሪያው እንኳ እንዲህ ካሳዘነ፣ በእንግዳ ፊት «አንተ ወፍራም» የሚል የእናት ወይም የወንድም ቃል ምን ያህል ያቈስል ይሆን? ያፈረ ልጅ ከጨዋታው ይሸሻል፤ ተሸሽጎም ይበላል።

እንግዲህ መሣሪያው በቤታቸው ላለ ወላጆች የምንመክረው ይህ ነው። በሳምንት ሦስት ወይም አራት የታወቁ ቀናትና ሰዓቶች ይወሰኑ። አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር ይጫወቱ፤ ቢሸነፉም ይሣቁ። ሚዛኑ በየቀኑ የሚወጡበት የፍርድ ወንበር አይሁን። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለልጆች በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ለዐዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልግ ገልጿልና፣ ጨዋታው ከዚህ አንዱን ክፍል ቢሸፍን የቀረው በእግር ጉዞና በሜዳ ይሟላ። የልብ ወይም የጉልበት ሕመም ያለባቸው፣ እርጉዞችም አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

መሣሪያው የሌላቸው ቤተ ሰቦች፣ ብዙዎቻችንም ከእነዚህ ነን፣ የቀረባቸው ነገር ያለ አይምሰላቸው። ገመድ መዝለል ነጥብ ይቈጠርበታል፤ ኳስ አሸናፊ አለው፤ ትከሻን እያርገፈገፉ እስክስታ መምታትም ማን ቀድሞ እንደሚደክም ያስታውቃል። በግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፎ፣ የተንቀሳቀሱበትን ቀን ሁሉ ልጁ በእጁ ምልክት ቢያደርግበት፣ ያ ወረቀት የጨዋታውን መስኮት ሥራ ይሠራል። ልጁ ዛሬ ማታ «ኑ እንጫወት» ብሎ ሲጣራ፣ ድካምን ምክንያት ሳያደርጉ ከወንበር መነሣት የወላጆች ድርሻ ነው።