የቤተሰብ ማዕዘን፦ ምስሉ እንዳይዋሸን



በየቅዳሜው ምሽት በአዳራሻችን ከፊልሙ አስቀድሞ፣ በግዳጅ ላይ ያሉ ጓዶች ለቤተሰቦቻቸው የላኩት የሰላምታ ምስል እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የአንድ ሃምሳ አለቃ ሰላምታ ታይቶ እንዳበቃ፣ ባለቤቱ ሕፃኗን እንዳዘለች ወደ እኔ ቀረበችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «መቶ አለቃ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ታሞ ነው አይደል? ፊቱ ሐሞት መስሏል፤ ዓይኑም ፈዟል» አለችኝ። ደኅና መሆኑን ብነግራትም አላመነችኝም። እንዴትስ ታምነኝ? በገዛ ዓይኗ ያየችው ሌላ፣ እኔ የምነግራት ሌላ ሆነባት።

ጥፋቱ የእኔው ነበር። ፕሮጀክተሩን ያቆምሁት እኔ ነኝ። በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ምስሉ ሲደበዝዝብኝ፣ «ዳይናሚክ» የተባለውን ምርጫ መርጬ ብራይትነሱንም ኮንትራስቱንም ወደ ላይ ገፋሁት። የበዛ ብርሃን ሁሉ የጠራ ምስል መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ከእኅቱ ዘንድ ያረፈ አንድ ጎልማሳ አዳራሹ ድረስ መጣ። ይህ ሰው በካርቱም ደቡብ ዳርቻ በሚገኘው ማዮ ሰፈር ለዓመታት በፊልምና በኳስ ማሳያ ቤት ሠርቷል። ማዮ ጦርነትና ድርቅ ከደቡብና ከምዕራብ ሱዳን ያፈናቀላቸው ሰዎች የሰፈሩበት፣ ብዙ ቋንቋ የሚነገርበት የድኾች መንደር ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የእኛ ፋሲካ ዋዜማ ዕለት፣ በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ማሳያ ቤቱ ተዘጋ፤ እርሱም በመተማ በኩል አገሩ ገባ። በዚያው ዓመት ጳጉሜ 5 ቀን የማዮ ገበያ ከአየር ተደብድቦ ቢያንስ 40 ሰዎች እንደሞቱ የሰማው እዚሁ ሆኖ ነው። ከዚያ ሕይወት ይዞት የመጣው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ሙያው ግን አብሮት አለ።

«መቶ አለቃ» አለኝ፣ «በማዮ ተመልካች የሁለቱን ቡድን መለያ መለየት ካቃተው ገንዘቡን መልሱልኝ ይላል። ስለዚህ በግምት አንሠራም ነበር፤ እንለካ ነበር።» እኔም፣ «እንግዲያውስ ጋሼ፣ ያስተምሩን» አልሁት። ያስተማረንን በየቤታችሁም እንድትጠቀሙበት በቅደም ተከተሉ አቀርበዋለሁ።

በመጀመሪያ ጨለማውን አስተካክሉ። ፕሮጀክተር ጥቁር ብርሃን መርጨት አይችልም፤ በሸራው ላይ የምናየው ጥቁር ብርሃን ያልደረሰበት ስፍራ ብቻ ነው። በሉክስ መለኪያ ስናየው፣ መስኮቱ ተከፍቶ ሳለ ጥቁር በሚባለው ምስል ላይ 7 ሉክስ ተገኘ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ስንጋርደው ከ1 ሉክስ በታች ወረደ። ነጩ ምስል 140 ሉክስ ቢሆን፣ በፊተኛው ሁኔታ ነጩ ከጥቁሩ የሚበልጠው 20 ጊዜ ብቻ ነው፤ በኋለኛው ግን ከ140 ጊዜ በላይ ይሆናል። አንድ ብርድ ልብስ ብዙ ገንዘብ የማይገዛውን ሠራ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ፕሮጀክተሩን ከሸራው ፊት ለፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። የጎበጠውን ምስል «ኪስቶን» በተባለው ማስተካከያ ማቃናት የምስሉን ጥራት ይቀንሳል። ከዚያም አምፖሉ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሡ።

ሦስተኛ፣ ለኩ። ሙሉ ነጭ ምስል አብርታችሁ ሸራውን በ9 እኩል ክፍል ክፈሉ፤ መለኪያውን በየክፍሉ መካከል ፊቱን ወደ ፕሮጀክተሩ አዙራችሁ አንብቡ፤ ድምሩን ለ9 አካፍሉ። አማካዩን በሸራው ስፋት ብታባዙት ሸራው ላይ የደረሰውን ሉመን ታገኛላችሁ። የእኛ ሸራ ወርዱ 2.40፣ ቁመቱ 1.35 ሜትር ሲሆን ስፋቱ 3.24 ካሬ ሜትር ነው። «ሲኒማ» በተባለው ምርጫ አማካዩ 140 ሉክስ ስለ ሆነ 454 ሉመን ያህል ደረሰን። ይኸው 140 ለ3.14 ሲካፈል ደግሞ ከማያንጸባርቅ ነጭ ሸራ ወደ ዓይን የሚመለሰው ብርሃን በካሬ ሜትር 45 ካንዴላ ገደማ ይሆናል። የዓለም ዲጂታል ሲኒማ ቤቶች መለኪያ 48 ነውና ለጨለመ አዳራሽ በቂ ነው። በ«ዳይናሚክ» 260 ሉክስ አንብበን ነበር፤ ትርፉ ግን ከአምፖሉ አረንጓዴ ብርሃን የተገኘ ነው። የሃምሳ አለቃውን ፊት ሐሞት ያስመሰለው ይኸው ነው።

አራተኛ፣ ጥቁሩንና ነጩን አስታርቁ። ብራይትነስ የሚባለው በእውነቱ የጥቁሩ መቆጣጠሪያ ነው፤ ኮንትራስት ደግሞ የነጩ። ሹሩባ የተሠራች፣ ነጠላ የለበሰች እናት ፎቶግራፍ አሳዩ። ብራይትነሱ ሲያንስ የሹሩባው መስመር በጥቁሩ ውስጥ ይሰጥማል፤ ሲበዛ ፀጉሩ ዐመድ ይመስላል። ኮንትራስቱ ሲበዛ የነጠላው እጥፋት ይጠፋና ነጠላው ወረቀት ይመስላል። ሹሩባውም እጥፋቱም በአንድነት እስኪታዩ ድረስ ተመላለሱ፤ አንዱን ሲነኩ ሌላው ይናጋልና።

አምስተኛ፣ ለነጩ ቀለም 6500 ኬልቪን ወይም ወደዚያ የቀረበውን ምርጫ ያዙ። መለኪያ ለሌለው ሰው ዋናው ምስክር የሚያውቀው ሰው ፊት ነው። በ20ኛው ምእት ዓመት የኮዳክ ፊልም አጣቢዎች ቀለም ያስተካክሉ የነበረው የነጭ ሴት ሥዕል ባለበት ካርድ ነበር፤ በዚህም የጥቁር ሰው ፊት ዝርዝሩ ጠፍቶ ይታተም እንደ ነበር የታወቀ ነው። እንግዲህ የራሳችንን ፊት መለኪያ ማድረግ ትዕቢት ሳይሆን ትክክለኛነት ነው።

የመጨረሻው ነገር የዕቃው ጤና ነው። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዚያ አገር ጠላት ሙቀትና አቧራ ነውና ማጣሪያውን ዘወትር ማጽዳት ግድ ነበር። እኛ ደጋ ላይ ስላለን ሌላ ጠላት አለብን፤ ስስ አየር በደንብ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ከ1500 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ብዙ ፕሮጀክተሮች ያላቸውን የከፍታ ምርጫ ማብራት ይገባል። የአምፖሉ ዕድሜ ተብሎ የሚጻፈው ሰዓትም አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ በግማሽ እስኪቀንስ ያለው ነው፤ ስለዚህ በየጊዜው መለካት ያስፈልጋል። ልጆች ወደ ሌንሱ እንዳያዩ ጠብቁ።

በተከታዩ ቅዳሜ ያንኑ ሰላምታ ደግመን አሳየን። ባለቤቱ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ጥቂት ዝም ብላ ተመለከተችና፣ «ፀሐይ አጥቁሮታል እንጂ አልታመመም» ብላ ሳቀች። ሕፃኗንም ከጀርባዋ አውርዳ ወደ ሸራው አስጠጋቻት።

እኔ በዚያ ምሽት ለራሴ የያዝሁት ትምህርት አለ። ለቤተሰብ እውነት መናገር ብቻ አይበቃም፤ እውነቱ የሚታይበት መስታወትም የቀና መሆን አለበት። ያ ከማዮ የመጣ ጎልማሳ አሁን በየቅዳሜው ከአዳራሹ ኋላ ቆሞ መለኪያውን ይይዛል። ሉክስ መለኪያውን ለመዋስ የሚሻ ቤተሰብ ሁሉ ወደ ቢሮዬ ይምጣ።

እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን።