ጀርባውን የሠራው ሙቀት ነው

አፕል አይፎን 17 ፕሮን ያስተዋወቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ እኛ ለዘመን መለወጫ ዶሮና ቅቤ ስናማርጥ። በማግስቱ የስልኬ ወሬ ሁሉ ስለ መልኩ ሆነ። «ይሄን ብርቱካናማ ማን ይይዘዋል?» «ጥቁር የለውም እኮ!» «ጀርባው ላይ ያለው ጉብታ ምንድን ነው?» አንድ ወዳጄ ከዳር እስከ ዳር የተንጣለለውን የካሜራ መድረክ አይቶ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ስለ ፕሮሰሰሩ ያነሳ ቢኖርም «ኤ19 ፕሮ ነው፣ ከዓምናው ይፈጥናል» ተብሎ ታለፈ። ፕሮሰሰር በየዓመቱ ይፈጥናል፤ ማን ይገረማል?

እንደኔ ከሆነ ግን የተሳቀበት ጀርባና ማንም ያልጠየቀው ፕሮሰሰር አንድ ጉዳይ ናቸው። ጀርባው እንዲያ የሆነው ፕሮሰሰሩ ስለሚግል ነው።

ነገሩ ሁለት ዓመት ወደኋላ ይወስደናል። አይፎን 15 ፕሮ በቲታኒየም ተኩሎ የቀረበው በ2016 የአዲስ ዓመት ዕለት ነበር። ቅለቱ ተወደደለት። ገበያ ከወጣ በኋላ ግን ገዢዎች «እጃችንን አቃጠለን» ብለው ተነሱ። አፕል ጥፋቱን በአይኦኤስ 17 ሶፍትዌር ስህተትና በአንዳንድ መተግበሪያዎች አሳበበ፤ ቲታኒየሙ የለበትም አለ፤ በዚያው መስከረም 17.0.3 የተባለውን ማስተካከያ ለቀቀ። ይሁን። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያ «የለበትም» የተባለው ቲታኒየም ከፕሮው ላይ ወረደና በአሉሚኒየም ተተካ። ኩባንያው ራሱም አዲሱ የአሉሚኒየም አካል ሙቀት በማስተላለፍ ቲታኒየሙን 20 እጥፍ ይበልጠዋል ብሎ አወጀ። እኔ ይህን ዘግይቶ እንደመጣ የእምነት ቃል ነው የቆጠርኩት።

በሸክላ ምጣድ እንጀራ የጋገረ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። እሳቱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ እንጀራው በዚያ በኩል ያራል፣ በሌላው በኩል ሊጥ እንደሆነ ይቀራል፤ ሸክላው ሙቀቱን አያዛምተውም። የቲታኒየምም ጠባይ ወደዚያ ያዘነብላል። ፕሮሰሰሩ አንዲት ጥግ ላይ ተቀምጦ ይግላል፤ ሙቀቱ የሚበተንበት ካጣ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሱቅ ውስጥ ሲነካኩት እንደ ጥይት የነበረው ስልክ ሠርግ ሲቀርጹበት መሐል ላይ የሚንቀረፈፈው ለዚህ ነው። በየማስታወቂያው አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረን ግን የመጀመሪያዋ ደቂቃ ፍጥነት ናት።

አሁን ወደተሳቀበት ጀርባ እንመለስ። የ17 ፕሮ አካል ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም የተሠራ ነው። ውስጡ ደግሞ ጥቂት የተጣራ ውሃ የያዘች፣ ዙሪያዋ በሌዘር የተበየደች ስስ ጠፍጣፋ ክፍል አለች። ውሃው ፕሮሰሰሩ ጋ ሲደርስ ይተናል፣ እንፋሎቱ ሙቀቱን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ቀዝቀዝ ያለው ቦታ ላይ ውሃ ሆኖ ይመለሳል፤ ብረቱም የተቀበለውን ሙቀት ወደ ውጭ ይበትነዋል። ያ ጉብታ ዕቃዎቹን ወደ ላይ ሰብስቦ ለባትሪ ቦታ ለቀቀ። «የተጣፈ ይመስላል» የተባለችው የመስታወት ክፍልም ያለ ገመድ ቻርጅ ለማድረግ የገባች ናት፤ በብረት ውስጥ ያ አይሆንም። ብርቱካናማው ራሱ የብረቱ ውጤት ነው፤ አሉሚኒየም ደማቅ ቀለም በደንብ ይጠጣል፣ የቲታኒየሞቹ ፕሮዎች ግን ለሁለት ዓመት እንደደበዘዙ ነበሩ። አፕል ከዚህ ሁሉ የተገኘውን ትርፍ ሲናገር፣ ስልኩ ለረጅም ሰዓት ሲሠራ የሚጠብቀው አቅም ከ16 ፕሮ እስከ 40 በመቶ ይበልጣል ብሏል። «እስከ» የምትለዋን አትዝለሏት፤ አቅጣጫው ግን ትክክል ነው።

ያላመነ አብሮት የወጣውን አይፎን ኤርን ይመልከት። ውፍረቱ 5.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ያየው ሁሉ አደነቀው። ፕሮሰሰሩም ኤ19 ፕሮ ይባላል። ሆኖም አካሉ ቲታኒየም ነው፣ ያቺ የውሃ ክፍልም የለችውም። የፕሮሰሰሩ ስም አንድ ነው፤ ከባድ ሥራ ላይ ግን ኤር ቶሎ ይደክማል። ለዓይን የሚያምረው ተጨበጨበለት፣ የሚሠራው ተሳቀበት።

ተቺዎቹ የያዙት እውነት ደግሞ አለ። የካሜራው መድረክ ጠርዝ ሹል በመሆኑ ቀለሙ እዚያ ላይ በደንብ አይዝም፤ ሱቅ ውስጥ ለማሳያ የተቀመጡት ስልኮች ገና በመጀመሪያው ሰሞን ተጫጭረው ታይተዋል። ሲወጣ ዋጋው አሜሪካ ውስጥ ከ1,099 ዶላር ለጀመረ ዕቃ ይህ ያስቆጣል። ጠርዙን ትንሽ ማለዘብ ያን ያህል ይከብድ ነበር?

ወደኛ ሰፈር ስንመጣ የቀለሙ ክርክር ቀልድ ይሆናል። ሰሞኑን መገናኛ አንድ የስልክ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ አንድ ወጣት ብርቱካናማውን ፓክድ ገዛ። ማሸጊያውን ቀዶ አወጣው፣ አገላብጦ አየው፣ ፎቶ አነሳው፤ ወዲያው ወፍራም ጥቁር ከቨር አለበሰው። ሻጩም «ይሄኛው ብትወረውረው እንኳ አይነካም» እያለ የካሜራውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰው። እንግዲህ ያ ቀለም ስልኩ እስኪሸጥ ድረስ ፀሐይ አያይም። ከቨር አታድርጉ የምል ሞኝ አይደለሁም፤ የስክሪንና የጀርባ ዋጋ አውቃለሁ። ነገር ግን ሙቀት እንዲበትን ተብሎ የተለወጠ ብረት ላይ ብርድ ልብስ ጭነንበታል። አፕል ለአይፎን የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ አያሳስብም፤ ድሬዳዋና ሰመራ ላይ በቀትር ካርታ ከፍቶ ለሚነዳ ሰው ግን ስስ ከቨር ቁም ነገር ነው።

ጨዋታ የማይጫወት፣ ረጅም ቪዲዮ የማይቀርጽ ሰው ደግሞ ፕሮው ምን ያደርግለታል? ተራው አይፎን 17 የ120 ኸርዝ ስክሪን አግኝቷል፣ በ256 ጊጋባይት ይጀምራል፣ ሲወጣ አሜሪካ ላይ ዋጋው 799 ዶላር ነበር። የእኔ ገንዘብ ቢሆን እሱን ነበር የምገዛው።

ከቀለም ይልቅ ቢያከራክረን ደስ የሚለኝ ሌላ ነገር አለ። አሜሪካ የሚሸጡ አይፎኖች ከአይፎን 14 ጀምሮ ሲም ማስገቢያ የላቸውም። 17 ፕሮ ደግሞ ሳዑዲ፣ ኤሚሬትስ፣ ኳታር፣ ኩዌት፣ ባህሬንና ኦማንም በኢ-ሲም፣ ማለትም ወጥቶ በማይገባ ውስጣዊ ሲም፣ ብቻ ገባ። በባዶው ቦታ ትልቅ ባትሪ ተቀምጦበታል፤ በአፕል ቁጥር መሠረት ቪዲዮ ሲታይ የሁለት ሰዓት ብልጫ አለው። ጥሩ ነው። ግን ወደ እኛ አገር ብዙ አይፎን የሚመጣው ከእነዚሁ አገሮች በዘመድ ሻንጣ ነው። እዚህ ያለው ሰው የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም አብሮ ይይዛል፤ ባትሪ ሲያልቅበት ሲሙን አውጥቶ የእህቱ ስልክ ላይ ይከታል፤ ሲሰለቸው ስልኩን ይሸጣል። ስለዚህ ጅዳ ወይም ዱባይ ላለች ዘመዳችሁ «ብርቱካናማውን ላኪልኝ» ከማለታችሁ በፊት ሲም ማስገቢያ እንዳለው ሻጩን ትጠይቅላችሁ። እዚያ መደበኛ ሱቅ ከሆነ መልሱ «የለውም» ነው።