ስማርት ቦርድና የክፍል ውይይት፦ ብዕሩ በማን እጅ ነው?

ስማርት ቦርድ በመማሪያ ክፍል መተከሉ ብቻውን የተማሪዎችን ውይይት ያዳብራል ተብሎ ሊታሰብ አይገባም። ለዚህም የኢትዮጵያ የቅርብ ጊዜ ልምድ በቂ ትምህርት ይሰጣል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት በተወሰነለት ሰዓት ይሠራጭ ስለነበር፣ መምህሩ ሥርጭቱን ማቆምም ሆነ መመለስ አይችልም ነበር፤ ተማሪው ያልገባውን ለመጠየቅ ሲነሣ ትምህርቱ ያልፈዋል።

ስማርት ቦርድ ከፕላዝማው የሚለየው በመምህሩ ፈቃድ መቆም፣ የተማሪን ጽሑፍ መቀበልና የተጻፈውን ማስቀመጥ በመቻሉ ነው። በጠመኔ የተጻፈ ሐሳብ ደወል ሲደወል በዳስተር ይጠፋል፤ በስማርት ቦርድ የተጻፈው ግን በማግስቱ ይከፈታል። ለምሳሌ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ፣ ከባድና ቀላል ድንጋይ ከአንድ ከፍታ ቢለቀቁ የትኛው ቀድሞ መሬት እንደሚደርስ ተማሪዎች ግምታቸውን ከነምክንያቱ ቢጽፉ፣ ከሙከራው በኋላ የሚከራከሩት ከገዛ ጽሑፋቸው ጋር ይሆናል።

ይሁን እንጂ ሰሌዳው የመምህሩ ስላይድ ማሳያ ብቻ ሆኖ ከቀረ ሁለተኛ ፕላዝማ መሆኑ አይቀርም። አሜሪካዊት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ መምህራን ከጥያቄ በኋላ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ይህ ወደ 3 ሰከንድ ሲያድግ ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና በምክንያት እንደሚደገፍ አሳይተዋል። ይህን ትዕግሥት የሚተካ መሣሪያ የለም። ስለሆነም የመምህራን ሥልጠና ከመሣሪያው አጠቃቀም ባሻገር በጥያቄው ጥራት፣ መልስ በመጠበቅና ብዕሩን ለተማሪ በማስተላለፍ ላይ ሊያተኩር ይገባል።