ቋንቋ ምስክር አይደለም

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይሉ ነበር አበው። የዛሬው ተማሪ ግን ፍርዱን የሚሰጠው ነገሩን ሳያነብ፣ ገና በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ባየ ጊዜ ነው። ጉግል የደረደረለትን ሲመለከት እንግሊዝኛው «ምንጭ»፣ አማርኛው «ወሬ» ይሆንበታል። እኔ ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። «ፍቅር እስከ መቃብር» መቼ ታተመ ብሎ የሚፈልግ ተማሪ በአማርኛው ገጽ 1958፣ በእንግሊዝኛው 1965 ወይም 1966 የሚል ያገኛል። ሳያመነታ አማርኛው ተሳስቷል ይልና የእንግሊዝኛውን ቁጥር ይገለብጣል፤ አልፎ ተርፎም «ዓ.ም.» ብሎ ይደመድመዋል። ሁለቱ የዘመን አቈጣጠሮች በ7 ወይም በ8 ዓመት እንደሚራራቁ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ማወቁ ግን አልጠቀመውም፤ ፍርዱ ከንባቡ ቀድሟልና።

«የአማርኛ ገጾች እኮ እርስ በርስ የሚገለባበጡ፣ ጸሐፊያቸው የማይታወቅ ናቸው» የሚለኝ አይጠፋም። ብዙዎቹ እንዲያ ናቸው፤ አልክድም። ነገር ግን ግልበጣ በእንግሊዝኛም ሞልቷል። ልዩነቱ ያኛውን ስናነብ አለመጠርጠራችን ነው።

«ደግሞም በአማርኛ ምንም አይገኝም» ይባላል። እስቲ አፈላለጋችንን እንመርምር። የደራሲውን ስም አንዱ «ሐዲስ»፣ ሌላው «ሀዲስ»፣ ሦስተኛው «ሃዲስ» ብሎ ይጽፈዋል፤ በአንዱ ፊደል ብቻ የፈለገ ሰው በሌላው የተጻፈው ሊያመልጠው ይችላል። ብዙ ነባር መጻሕፍትም ወደ ኢንተርኔት የገቡት ገጻቸው በፎቶ ተነሥቶ በመሆኑ በቃል ፍለጋ በቀላሉ አይወጡም። አለመገኘት አለመኖር አይደለም።

ቋንቋን እንደ ምስክር መቍጠር ምን እንደሚያስከፍል ታሪካችን ያውቃል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፣ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይችላሉ ይል ነበር፤ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ኢጣሊያም የራሷን ቅጂ ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ክርክሩ የተቋጨው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ነው። ልብ በሉ፤ የኢጣሊያንኛውን ብቻ ያነበበ ይታለላል፣ የአማርኛውን ብቻ ያነበበም ጠቡ ከምን እንደመጣ አይገባውም። እውነቱ የሚታየው ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ነው።

ስለዚህ ወቀሳዬ በተማሪው ብቻ አያበቃም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ዕውቀት ሁሉ በዚያ ቋንቋ የሚኖር ቢመስለው አያስደንቅም። የሚያሳዝነው «ማጣቀሻችሁን በእንግሊዝኛ አምጡ» ብሎ ግምቱን የሚያጸናለት መምህር ነው። መምህር ሆይ፣ ስለ ቋንቋው ከመጠየቅህ በፊት ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ከየት አገኘው? በል። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ያልመለሰ ገጽ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ይውደቅ፤ የመለሰ ደግሞ በአማርኛ በመጻፉ ብቻ አይናቅ።

በገዛ ቋንቋው የተጻፈውን ሳያነብ የሚጥል ትውልድ፣ ነገ በዚያው ቋንቋ ቢጽፍ ማን ያምነዋል?

ቸር ይግጠመን።